«እህትህ 23 ዓመቷ ነው ብለህ መስክር» ተባልሁ

የአንባቢ ደብዳቤ

ለዓምዱ አዘጋጅ፤ አሰላሙ ዐለይኩም።

የምጽፍልዎ ከደቡብ ወሎ፣ ከቃሉ ወረዳ ነው። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን፣ ከተወለድሁበት ቀበሌ ራቅ ብሎ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ከእርሻ ሥራ ከቀረ ዓመት አልፎታል፤ እሱን ለማሳከም ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ ከአጎታችንና ከአንድ ነጋዴ ጎረቤታችን የተበደርነው ገንዘብም እስካሁን አልተከፈለም።

ታላቅ እህቴ ጅዳ ከሄደች 12 ዓመት ሆኗታል። ስትሄድ 17 ዓመቷ ነበር፤ ወረቀቷ ግን 24 ይል ነበር። እኔ የመምህራን ኮሌጅ ትምህርቴን የጨረስሁትም፣ ቤታችን ቆርቆሮ የለበሰውም እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የምትልከው ቀንሷል። ስንጠይቃት «ደኅና ነኝ፣ ዱዓ አድርጉልኝ» ከማለት በቀር የምትነግረን ነገር የለም።

አሁን ተራው የታናሽ እህቴ ሆኗል። 15 ዓመቷ ነው። ትምህርት በጸጥታው ምክንያት ሲቋረጥና ሲቀጥል ስለቆየ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት። በአካባቢያችን የሚታወቅ አንድ ደላላ «በኮንትራት እልካታለሁ» ብሎ እናቴን አሳምኗታል። ዕድሜዋ 23 ነው ተብሎ የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ እንዲወጣላት ምስክር ያስፈልጋል፤ «መምህር ስለሆንህ ቃልህ ይታመናል፣ አንተ ፈርም» እየተባልሁ ነው። ደላላው ልጅቱ እንደበረረች ለእናቴ 40 ሺሕ ብር ለመስጠት ቃል ገብቷል። ገንዘቡ ዕዳችንን ያቃልልልናል።

«አልፈርምም» ስል እናቴ አለቀሰች። «በአውሮፕላን እንዳትሄድ ከልክለሃት፣ በባቲ በኩል በእግሯ ወጥታ ባሕር ላይ ብትቀር ደሟ በአንተ እጅ ነው» አለችኝ። ከእናቴ ይልቅ ያመመኝ ግን የታናሽ እህቴ ቃል ነው። «አንተ የተማርኸው በእትዬ ላብ አይደለም ወይ? እኔን ለምን ትከለክለኛለህ?» ስትለኝ መልስ አጣሁላት። ወደ ቀበሌ እንድንሄድ የተቀጠረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ብፈርም ሕሊናዬ አያስተኛኝም፤ ባልፈርም ቤተሰቤን የማጣ ይመስለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

ወንድም ነኝ፣ ከቃሉ

መልስ

ውድ ወንድሜ፤ ወዐለይኩሙ ሰላም።

በቅድሚያ ለጠየቅኸኝ መልሴን ልስጥህ፤ አትፈርም። ይህን የምልህ እናትህን እንደ ጥፋተኛ፣ አንተንም በቀላል ነገር እንደሚጨነቅ ሰው ቆጥሬ አይደለም። የአባትህ ሕመም፣ የዕዳው ክብደት፣ የታላቅ እህትህ ውለታና የታናሿ ጥያቄ በአንድ ጊዜ በአንተ ላይ እንደወደቁ ከደብዳቤህ ተረድቻለሁ። ይሁን እንጂ አለመፈረምህ ብቻውን እህትህን እንደማያድናት አንተም አውቀኸዋል፤ የጻፍህልኝም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ፊርማህን ስለ መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ ከከለከልህ በኋላ እህትህ በባቲ መንገድ ላይ እንዳትገኝ ምን መደረግ እንዳለበት ጭምር እንነጋገር።

አስቀድመን ያ ፊርማ ለእህትህ ምን እንደሚያደርስባት እንይ፤ ቤታችሁ ውስጥ እንደ ተራ የወረቀት ጉዳይ ተወስዷል ብዬ እሰጋለሁና። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 ልጆች ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ ልማድ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ደንግጓል። ስለ ውጭ አገር የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008ም ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላን ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክን ይከለክላል። እነዚህ ሁሉ ጥበቃዎች እህትህን የሚያገኟት 15 ዓመቷ ስለሆነ ብቻ ነው። ወረቀቷ 23 ባለ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይርቋታል። ደላላው አንድ ቀን ተከስሶ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ለመከላከያው በመጀመሪያ የሚያወጣው ያንተን ምስክርነት ነው፤ «የገዛ ወንድሟ፣ ያውም መምህር፣ ዕድሜዋን መስክሮ ፈርሟል» ይላል። ከሌላ ሰው ይልቅ ያንተን ፊርማ የፈለገበት ምክንያት ይህ እንደሆነ አትጠራጠር።

ስለ 40 ሺሕ ብሩም በግልጽ መነጋገር አለብን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ሰውን የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178፣ በሌላ ሰው ላይ ኃላፊነት ያለውን ሰው ፈቃድ ለማግኘት ገንዘብ መስጠትን ሰውን ለብዝበዛ ከሚዳርጉ የወንጀሉ መንገዶች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። ተጎጂዋ ልጅ በሆነች ጊዜ ደግሞ «እኔው ነኝ የፈለግሁት» ማለቷ ወንጀሉን አያስቀረውም። በሕጋዊው መንገድ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የመድኑን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ሲሆን፣ ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉትን ነው። ለቤተሰብ ብር መቁጠር የሕጋዊ ኤጀንሲ ሥራ አይደለም። እናትህን ስታነጋግራት፣ ደላላው ያንን ገንዘብ በምን እንደሚመልሰው እንድታስብበት በእርጋታ ጠይቃት። ከእህትህ ጉልበትና ከደመወዟ በቀር የሚመለስበት ሌላ መንገድ ይታይሃል?

የሐሰቱ ዕድሜ ከእህትህ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ብትመለስም አብሯት ይመለሳል። ሰው ቤት ሆና ደመወዝ ብትከለከል፣ ብትደበደብ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ቢደርስባት፣ ቆንስላውም ሆነ የዚያ አገር ፖሊስ የሚያየው ኮንትራቷን ጥሳ ከቤት የወጣች የ23 ዓመት ሴትን እንጂ ወደ እናቷ መመለስ ያለባትን ልጅ አይደለም። እዚህ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቷ አንድ ዕድሜ፣ ፓስፖርቷ ሌላ ዕድሜ ይይዛል። እንደ ድሮው የቀበሌ መታወቂያ ቀይሮ መገላገልም እየቀረ ነው፤ ለፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል ስለሚወሰድ፣ ለፓስፖርትም አሻራ ስለሚያስፈልግ፣ ያልኖረችው ስምንት ዓመት ከገዛ አካሏ ጋር ተሳስሮ ይመዘገባል። ለሕዝብ መዝገብ ሐሰተኛ ቃል መስጠት አንተንም በወንጀል እንደሚያስጠይቅና የማስተማር ሥራህን ሊያሳጣህ እንደሚችል ጨምሬ ልንገርህ። ያስጨነቀህ የራስህ ጉዳይ እንዳልሆነ ስላየሁ ግን በዚህ ላይ አልቆይም።

አሁን ወደ እናትህ ቃል ልምጣ። ስለ ባሕሩ የተናገረችው ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ እውነትም አለው። ከባቲ ወደ አፋር ቆላ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ የሚወስደውን መንገድ ወሎ ውስጥ የማያውቀው የለም። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በየመን አብያን ባሕር ዳርቻ ከሰጠመችው ጀልባ ጋር ካለቁት ሰዎች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መከልከል ብቻውን ሰውን ከመንገድ እንደማይመልስ አገራችንም አይታዋለች። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺሕ በላይ ወገኖቻችንን መለሰች፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ግን የጅቡቲና የየመን መንገድ ከተጓዥ አልጸዳም። በየቤቱ ያለው ዕዳ አልታገደምና። አንተም «አልፈርምም» ብለህ ወደ ትምህርት ቤትህ ብትመለስ ቤታችሁ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። እምቢታህን የምትናገርበት ቀን ሌላ ነገር ይዘህ መግባት ይኖርብሃል።

ይዘህ የምትገባውን ከማሰብህ በፊት ከታናሽ እህትህ ጋር ተነጋገር። የጠየቀችህ ጥያቄ ጥፋት የለበትም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባታል። እኔ ብሆን እንዲህ እላታለሁ፦ «አዎ፣ የተማርሁት በእትዬ ላብ ነው። ያንን ዕዳ መክፈል ያለብኝ ግን እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም።» ከዚያ በኋላ አንተ ዝም በልና እሷን አድምጣት። እናትህ በሌለችበት፣ ውሃ ስትቀዳም ይሁን ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አብረሃት እየተጓዝህ፣ መሄድ የፈለገችው ለምን እንደሆነ ጠይቃት። ከክፍል ጓደኞቿ ስንቶቹ ሄደዋል? የሚያስተክዛት ትምህርቱ ተቆራርጦ ወደ ኋላ መቅረቷ ነው ወይስ የአባቷ ሕመም? ደላላው በስልክ ያነጋግራታል? ምን ሥራ እንደምትሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ምን ተብላለች? በ15 ዓመቷ ያለች ልጅ የቤተሰቧን ዕዳ ልሸከም ስትል የምትወቀስ አይደለችም፤ ልቧ ትልቅ ነው። በዚህም እንደምታከብራት ንገራት። ተግሣጽ ከእናት፣ ከዘመድና ከጎረቤት በበቂ ይደርሳታል።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ጠይቅልኝ፤ ለእሷ ሽማግሌ የላከ ሰው አለ ወይ? በእኛ አካባቢ ዓረብ አገርን ከማትፈልገው ባል ማምለጫ አድርገው የሚያዩ ልጃገረዶች አሉ፤ የመሄዱ በር ሲዘጋባቸው ደግሞ የጋብቻው በር ወዲያው ይከፈትባቸዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ የአገራችን ሴቶች 58 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። እናትህም ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ከሆነ 15 ዓመት ለእሷ የልጅ ዕድሜ ላይመስላት ይችላል፤ ራሷ በዚያ ዕድሜ ጎጆ ይዛ ይሆናልና። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ለሴትም ለወንድም የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 መሠረት በእህትህ ዕድሜ ያለችን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይህን የምነግርህ ሽማግሌ ከመጣ ሳትደናገጥ የምትመልሰው እንዲኖርህ ነው።

ቀጥሎ ታላቅ እህትህን ደውልላት። ከደብዳቤህ እንደተረዳሁት እስካሁን ማንም አስተያየቷን አልጠየቃትም፤ ነገሩን ግን ከሁላችሁ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስልኳ በእጇ የሚሆንበትን፣ ሥራዋን ጨርሳ ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት ምረጥ። እናትህ አጠገብህ አትሁን፤ «ደኅና ነኝ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ለእናት ሲባል የሚሰጥ ነው። ደመወዟን በወቅቱ ታገኝ እንደሆነ፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) የታደሰ መሆኑን፣ በወረቀቷ ላይ የተጨመረው ዕድሜ አስቸግሯት ያውቅ እንደሆነ፣ ስትሄድ በ17 ዓመቷ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንዳለፈቻቸው ጠይቃት። ምናልባት በ12 ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው አንተ ትሆን ይሆናል። ችግር ላይ መሆኗን ከነገረችህ፣ ጅዳ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሊረዳት የሚችልበትን መንገድ አብራችሁ አስቡ፤ የእሷ ጉዳይ በታናሿ ጉዳይ ሥር ተሸፍኖ እንዳይቀር። «ላኳት» ካለችህም አትጣላት፤ «ሦስት ዓመት ጠብቀን፣ በእውነተኛ ዕድሜዋ፣ ሙያ ይዛ ብትሄድስ?» ብለህ ጠይቃት። እናትህ ከአንተ ይልቅ የእሷን ቃል ትሰማለች ብዬ አምናለሁ።

በደብዳቤህ ውስጥ ያጣሁት የአንድ ሰው ድምፅ አለ፤ የአባትህ። ታሞ ተኝቷል እንጂ የልጅቱ አባት ነው። ስለ ደላላው ያውቃል? በእሱ ሕክምና ዕዳ ምክንያት ልጁ እንደምትሄድ ሰምቶ ዝም ብሎ ነው ወይስ ተደብቆበት? ይህን ካላወቅህ ከእናትህ በፊት ከእሱ ጋር ተቀመጥ። ሸክም እንዳትጨምርበት ትፈራ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ከሄደች በኋላ መስማቱ የባሰ ሸክም ነው። እሱን ማስቀደሙ ቀጥዬ ለምነግርህ ምዝገባም ይጠቅምሃል፤ የልጅን ልደት የማስመዝገብ ኃላፊነት በመጀመሪያ የወላጆች ነውና።

ይህን ያነሣሁት አንተ ባትፈርም ደላላው ሌላ ምስክር ማግኘቱ ስለማይቀር ነው። ስለዚህ እህትህ በእውነተኛ ዕድሜዋ አስቀድማ ትመዝገብ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ቢደነግግም፣ ጊዜው ያለፈበትም ይመዘገባል። የክትባት ካርዷ ከተገኘ፣ አንደኛ ክፍል ስትገባ የተሞላው የትምህርት ቤት መዝገብና እስካሁን ያሉት የክፍል ውጤት ካርዶቿ ዕድሜዋን ያስረዳሉ፤ አንተ መምህር ስለሆንህ እነዚህን ለማሰባሰብ አትቸገርም። አባትህ ወይም እናትህ ወደ ቀበሌው የመዝገብ ሹም ቀርበው በትክክለኛው ቀን የልደት የምስክር ወረቀት ካወጡላት፣ በኋላ በሌላ ዕድሜ ለማስመዝገብ የሚመጣ ሁሉ ይህን መዝገብ ማለፍ ይኖርበታል። የቀበሌው ሰው ከደላላው ጋር የተስማማ ከመሰለህ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጀምር።

ዕዳው የነገሩ ሁሉ ሥር ስለሆነ ጊዜ ሰጥተህ ልትቀመጥበት ይገባል። ለአጎትህና ለነጋዴው ጎረቤታችሁ የቀረውን ገንዘብ በትክክል ጻፈው፤ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚነገረው ዕዳና በወረቀት ላይ የሚገኘው ይለያያል። ከዚያ ሁለቱ የሚያከብሯቸውን ሽማግሌዎች፣ የመስጊዳችሁን ሸህ ወይም የቅሬያችሁን (የዕድራችሁን) ዳኛ ይዘህ አነጋግራቸው። ወሎ ውስጥ ዱዓ ተደርጎ፣ ቡና ተፈልቶ የተጠየቀ የጊዜ ማራዘሚያ እምቢ የሚባለው ከስንት አንዴ ነው። ከደመወዝህ በየወሩ የምትሰጠውን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው። የማትችለውን ግን ቃል አትግባ፤ ያላከበርኸው ቃል ደላላውን መልሶ ይጠራዋል። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኑን አረጋግጥ፤ ካልሆነ በቀጣዩ የአባልነት ምዝገባ እንዳያመልጣችሁ፤ የአባትህ ሕክምና በዚሁ ከቀጠለ ዛሬ የከፈልኸው ዕዳ ነገ ተመልሶ ይመጣልና። ቀበሌያችሁ በሴፍቲኔት የታቀፈ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ሠርቶ የሚያድር ጉልበት ያጣ በመሆኑ ለቀጥታ ድጋፍ መመዝገብ ይችል እንደሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቅ።

ለእናትህ የምትነግራት እነዚህን ከያዝህ በኋላ ነው። ደላላው ባለበት ወይም ጎረቤት በተሰበሰበበት አይሁን፤ የምታከብረው አንድ ሰው፣ ለምሳሌ አጎትህ፣ አብሯችሁ ቢኖር ግን ጥሩ ነው። «እማዬ፣ ዕድሜዋን ዋሽቼ አልፈርምም፤ ስለ ዕዳው ግን ይህን አድርጌያለሁ» በላት። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ንገራት። ብታለቅስ ልቅሶዋን አትፍራው፤ ብትቆጣም በዚያው ቀን ለመታረቅ አትቸኩል። አንድ ልጇን በ17 ዓመቷ ልካ 12 ዓመት ያላየች እናት ሁለተኛዋን ለመላክ የምትጣደፈው ልቧ ደንድኖ አይደለም፤ ሌላ መውጫ ስላልታያት ነው። መውጫ ስታሳያት ቀስ ብላ ትመለሳለች።

ለታናሽ እህትህም «መቼም አትሄጂም» አትበላት። 18 ዓመት ሲሞላት ምርጫው የራሷ ነው። ያኔም መሄድ ከፈለገች ሥልጠና ወስዳ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫዋን ይዛ፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በኩል፣ በእውነተኛ ስሟና ዕድሜዋ መሄድ ትችላለች። ያም መንገድ ቢሆን ከችግር የጸዳ ነው አልልህም፤ ልዩነቱ መብቷን የምትጠይቅበት ወረቀት በእጇ መኖሩ ነው። እስከዚያ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዋን እንድታልፍ ማታ ማታ የምታስጠናት አንተ ሁን፤ ሩቅ ከሆንህ ቅዳሜና እሑድ አንተ ዘንድ ትምጣ። በራሷ ገንዘብ ማግኘት የምትፈልግ ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት ጀምሮ ለዕድሜዋ የሚመጥን፣ በቀን ከ7 ሰዓት ያልበለጠና የሌሊት ያልሆነ ሥራ መሥራት ይፈቀዳል። ስለዚህ በትምህርት ዕረፍት ወቅት በምታውቁት ሰው ሱቅ ወይም የችግኝ ጣቢያ የምትውልበትን መንገድ መፈለግ ትችላላችሁ። ሰው ቤት ማስገባቱን ግን አልመክርህም፤ ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን ስለማይሸፍን ጥበቃው አይደርሳትም።

ስለ ደላላው ደግሞ፤ ብቻህን አትጋፈጠው። የምታውቀውን ሁሉ፣ የገባውን የ40 ሺሕ ብር ቃል ጭምር፣ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ንገር፤ እዚያ መታየትህ የሚያሰጋህ ከሆነ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ሄደህ ማመልከት ትችላለህ። እናትህን አሳልፌ ሰጠኋት ብለህ እንዳትሰጋ። እስካሁን የተቆጠረ ብርም ሆነ የተፈረመ ወረቀት የለም፤ ነገሩ ከዚህ ሳያልፍ መቆሙ ከማንም በላይ የሚጠብቀው እሷን ነው። እሱ ዘንድ ተራውን የሚጠብቅ የሌላ ሰው ልጅ መኖሩንም አስብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እህትህ ሳትናገር ከቤት ብትወጣ ቀን አትቁጠር። ፎቶዋን፣ የለበሰችውንና የመጨረሻ የደወለችበትን ስልክ ቁጥር ይዘህ በዚያው ሰዓት ለሐርቡ፣ ለኮምቦልቻና ለባቲ ፖሊስ አሳውቅ፤ ከእነማን ጋር እንደወጣች ጓደኞቿን ጠይቅ። በተለይ የባቲ ገበያ በሚውልበት በሰኞና በዋዜማው ዓይንህ ንቁ ይሁን። ካገኘሃት አትምታት፣ አታዋርዳት፤ ቤት የሚጠብቃት ዱላ መሆኑን የምታውቅ ልጅ በሁለተኛው ጊዜ ለማንም አትናገርም።

ሦስት ሳምንቱ አጭር ነው። በዚህ ሳምንት ታናሽ እህትህንና አባትህን አነጋግር፤ ለታላቋም ደውል። በሚቀጥለው አጎትህንና ነጋዴውን ከሽማግሌ ጋር አግኝ፤ ማስረጃዎቿን ሰብስብ። ለእናትህ የቀጠሮው ቀን ከመድረሱ ቢያንስ አራትና አምስት ቀን ቀደም ብለህ ንገራት፤ የምታስብበት ጊዜ ያስፈልጋታልና። በሕግ በኩል የሚያጠራጥርህ ነገር ካለ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና፣ ደሴ ስትመጣ የክትባት ካርዷን፣ የትምህርት ቤት መዝገቧን ቅጂና ከደላላው የተላከ መልእክት ካለ እሱንም ይዘህ ቅረብ። እህትህ የነገረችህን ከሰማህ በኋላ ለእኔም ጻፍልኝ፤ ያሰብነውን መለወጥ ካስፈለገ የእሷን ቃል ይዘን እንለውጠዋለን።